ባሕሩ የሚመለስበት ሰዓት፦ በዌልስ ጠረፍ የከረምንበት ሳምንት

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ልትጠይቀን ከደብረ ብርሃን ወደ ለንደን በመጣችበት ወቅት፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት የፋሲካ ዕረፍት ምክንያት አድርገን በዌልስ የባሕር ጠረፍ አጠገብ አንዲት ትንሽ የገጠር ቤት ለአንድ ሳምንት ተከራየን። ስድስታችንም ሄደን በሰላም ተመልሰናል። ይሁን እንጂ በዚያ ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን እናቴ፣ ባለቤቴና ሦስት ልጆቼ ከፊታቸው ባሕር፣ ከኋላቸው ገደል ሆኖባቸው ቆመው አይቻለሁ። ለዚያ ያበቃን አንዲት የሰዓት ስሕተት ስለነበረች፣ እናንተም ልጆቻችሁንና አረጋውያን ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ እንዳትደግሟት ብዬ የሆነውን ሁሉ እጽፍላችኋለሁ።

የተከራየነው ቤት ጎወር በሚባለው፣ ከስዋንሲ ከተማ ወደ ምዕራብ ወደ ባሕሩ በገባው ልሳነ ምድር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 በብሪታንያ «የላቀ የተፈጥሮ ውበት ያለው አካባቢ» ተብለው በሕግ ጥበቃ እንዲደረግላቸው ከተወሰኑት ቦታዎች የመጀመሪያው ይኸው ጎወር ነው፤ ያየ ሰውም ምክንያቱን አይጠይቅም። ከለንደን በኤም 4 መንገድ ስትሄዱ የሴቨርንን ወንዝ አፍ በትልቁ ድልድይ ተሻግራችሁ ዌልስ ከገባችሁበት ጊዜ ጀምሮ የመንገድ ምልክቶቹ ሁሉ በሁለት ቋንቋ ናቸው። አስፋልቱ ላይ በትልልቅ ነጭ ፊደላት «አራፍ» የሚል ይጻፋል፤ በዌልስ ቋንቋ «ቀስ በል» ማለት ነው። ትልቋ ልጄ ጮክ ብላ ስታነብላት እናቴ «አረፍ በሉ ይላል እንዴ? ደግ አገር ነው» አለችና እስክንደርስ ድረስ ቃሉን ባየን ቁጥር ትባርካቸው ነበር። ከዋናው መንገድ ስትወጡ የምታገኙት መንገድ ግን ግራና ቀኙ ከመኪና በሚበልጥ ቁጥቋጦ የታጠረ፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ስለሆነ፣ ፊት ለፊት ሌላ መኪና ሲመጣ ወደኋላ መንዳት የሚችል ሰው መሪውን ቢይዝ ይሻላል። በጨለማ ላለመድረስም ከቤት በጧት ተነሡ።

ቤቱ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ከመስኮቱ የበግ መስክና ከመስኩ ማዶ ባሕሩ የሚታይ ነበር። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር እንጀራውን፣ ሽሮውንና ምስሩን ጭነን ነው የሄድነው፤ ሱቅ ሩቅ ነውና እንደዚያ ማድረጋችን በጀን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የመጀመሪያው ቀን ማታ እናቴ ቡና ልታፈላ ጀበናዋን አውጥታ፣ ለአትክልቱ ቦታ መጥበሻ ተብሎ የተቀመጠውን ከሰል ቤት ውስጥ እናያይዘው አለች። እንዲህ ያሉ አሮጌ ቤቶች ነፋስ እንዳይገባባቸው መስኮታቸው በደንብ የተደፈነ ነው፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው እንቅልፍ የያዘው መስሎት ይሞታል። እናቴን ማስከፋቱ ከብዶኝ እሺ ልል ጥቂት ሲቀረኝ ባለቤቴ ነው ያስቆመኝ። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍልተን፣ ዕጣኑን በሚቀጥለው ቀን ደጅ ላይ አጨስንላት። እባካችሁ ለወላጅ ደስታ ብላችሁም ቢሆን ከሰል ቤት ውስጥ አታያይዙ።

አሁን ወደ ባሕሩ ልመለስ። እኔ ያደግሁት ደጋ ነው። የማውቀው ትልቅ ውሃ ላንጋኖና ጣና ሲሆን፣ ሐይቅ ጧት ባዩት ቦታ ማታም ይገኛል። የጎወር ባሕር እንደዚያ አይደለም። እሑድ ከምሳ በኋላ ከመስኮቱ ስናይ ውሃው ከገደሉ ሥር ተጠግቶ ነበር፤ ሰኞ ጧት ስንወርድ ግን በጣም ሸሽቶ ሄዶ፣ በቦታው ሰፊ እርጥብ አሸዋ ዘርግቶ አገኘነው። ልጆቹ በደስታ ሮጡበት። እንግሊዞቹ ታይድ የሚሉት ይህ ሙላትና ጉድለት በቀን ሁለት ጊዜ የሚፈራረቅ ሲሆን፣ ከአንዱ ሙላት እስከሚቀጥለው ሙላት ያለው ጊዜ በግምት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። በዚህም ምክንያት ጊዜው በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። የብሪስቶል ሰርጥ የሚባለው ይህ ባሕር እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ እየጠበበ የሚሄድ በመሆኑ፣ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። ትልቅ ሙላት በሚሆንባቸው ቀናት በጎወር ዙሪያ ልዩነቱ ከ8 ሜትር ያልፋል። ስምንት ሜትር ማለት ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው።

በኩሽናው ማቀዝቀዣ በር ላይ በማግኔት የተያዘ የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ ነበር፤ ቤቱን ያከራዩን አዛውንት ገበሬ ናቸው የለጠፉት። ለእንግዶች በተዘጋጀው ደብተር ውስጥም፣ ከቤቱ በታች ካለው የባሕር ዳርቻ በስተ ምዕራብ ወደ ባሕሩ የወጣ ቋጥኝ እንዳለ፣ ከቋጥኙ ወዲያ የምታምር ትንሽ የአሸዋ ቦታ እንደምትገኝ፣ ወደዚያ መሻገር የሚቻለው ግን ባሕሩ ጨርሶ ከሚሸሽበት ሰዓት በፊት አንድ ሰዓት፣ ከዚያም በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ መሆኑን በጥንቃቄ ጽፈዋል። አንብቤዋለሁ። ስሕተቴ ካለማንበብ የመጣ አይደለም።

ከመሄዳችን በፊት አንድ ወዳጃችን «እዚህ አገር የባሕር ሰንጠረዥ የሚታተመው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ በበጋ አንድ ሰዓት መጨመር እንዳትረሺ» ብሎኝ ነበር። ብዙዎቹ ሰንጠረዦች በእውነትም እንደዚያ ናቸው። እኛ ቅዳሜ ገብተን በማግስቱ፣ የመጋቢት ወር የመጨረሻው እሑድ ስለነበር፣ የአገሩ ሰዓት የበጋ ሰዓት ወደሚሉት ለመግባት በአንድ ሰዓት ወደፊት ተገፋ። ስለዚህ ሐሙስ ጧት ሰንጠረዡን አይቼ ባሕሩ ጨርሶ የሚሸሽበት ሰዓት 12፡05 የሚለውን ሳገኝ፣ ምክሩን አስታውሼ አንድ ሰዓት ጨመርሁና 13፡05 ብዬ ያዝሁ። ማግኔቱ የሰንጠረዡን ግርጌ ሸፍኖት ነበር። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «በበጋው ሰዓት መሠረት ተስተካክሏል» የሚል አንድ መስመር እንዳለ ያየሁት በዚያው ዕለት ማታ፣ እጄ ገና እየተንቀጠቀጠ ማግኔቱን ሳነሣ ነው።

ለማገናዘብ እንዲመቻችሁ ሰዓቱን እንደ ሰንጠረዡ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፌን እቀጥላለሁ። እውነተኛው የመመለሻ ገደባችን 13፡05 ነበር፤ እኔ በጭንቅላቴ የያዝሁት ግን 14፡05ን ነው። ቋጥኙን የዞርነው 12፡30 ላይ ነው። ባሕሩ በእኔ ስሌት ገና እየሸሸ መሆን ሲገባው፣ በእውነቱ መመለስ ከጀመረ ሃያ አምስት ደቂቃ ሆኖታል። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ የሚጨምረው ውሃ ትንሽ ስለሆነ ዓይን አይለየውም። እዚያ የሚኖሩ ሰዎች በልባቸው የያዙት ስሌት አለ፦ ባሕሩ ከጉድለት ወደ ሙላት የሚወስድበትን ስድስት ሰዓት ያህል ጊዜ ብትከፋፍሉት፣ በመጀመሪያው ሰዓት ከጠቅላላው ከአሥራ ሁለት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት እጅ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ግን ሦስት ሦስት እጅ ይመጣል። በስምንት ሜትር ብታሰሉት በሦስተኛው ሰዓት ብቻ ሁለት ሜትር ውሃ ማለት ነው። ሰውን የሚያዘናጋው የመጀመሪያው ሰዓት ነው።

ቦታዋ በእርግጥም ታምር ነበር። ነፋስ አይገባባትም፤ አሸዋዋ እንደ ዱቄት የላመ ነው። እናቴ ነጠላዋን አንጥፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ትንሹ ልጄ ጉድጓድ እየቆፈረ፣ ውሃው መጥቶ ሲሞላለት እየሳቀ እንደገና ወደኋላ ፈቀቅ ብሎ ይቆፍራል። ሦስት ጊዜ ፈቀቅ አለ። እኔ ሳቁን ነበር የምሰማው። እናቴ ግን ጉድጓዶቹን ስትቆጥር ቆይታ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህ ውሃ እየሄደ ነው ወይስ እየመጣ? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማሽም?» አለችኝ። ስልኬን አየሁ፤ 13፡30 ይላል። ገና ጊዜ አለን ልላት አፌን ከፍቼ ወደ ቋጥኙ ስዞር፣ በእግራችን የዞርንበት አሸዋ የለም። ማዕበል ከድንጋዩ ጋር እየተላተመ ነጭ አረፋ ይረጫል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ልንሠራ የነበሩትን ሁለት ስሕተቶች ሳስታውስ አሁንም ሌሊት እነቃለሁ። ባለቤቴ ትንሹን በትከሻው ተሸክሞ በውሃው ውስጥ ሊዞር ገባ። መጀመሪያ ጉልበቱ ድረስ ነበር፤ አምስት ስድስት እርምጃ ሳይሄድ ወገቡ ደረሰ፤ አንድ ማዕበል ሲመጣ ከነልጁ ወደ ድንጋዩ ገፋው። እናቴ በሕይወቷ ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት፣ «ተመለስ! በማርያም ተመለስ!» ብላ የጮኸችው ድምፅ ነው የመለሰው። እሱ ሲመለስ ደግሞ የዐሥራ አራት ዓመቷ ልጄ በገደሉ ላይ መውጣት ጀምራ ነበር። ከታች ሲታይ እርከን እርከን ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን የያዘችው ድንጋይ በእጇ ተነቅሎ ከአጠገባችን ወደቀ። ውሃ ከከበባችሁ በውሃው ውስጥ ለመዞርም፣ ገደል ለመውጣትም አትሞክሩ። ልጆቹን ሰብስባችሁ ልትደርሱበት ወደምትችሉት ከፍተኛ ቦታ ሂዱ፤ ቶሎም ደውሉ።

ከፍ ያለው ቦታ የትኛው እንደሆነ ድንጋዩ ራሱ ይናገራል። ከሥር በኩል ጥቃቅን ሻካራ ዛጎሎች ተጣብቀውበታል፤ ከእሱ በላይ ጥቁር ቀለም የተቀባ የሚመስል መስመር አለ፤ ከዚያም በላይ ብጫ ሽበት መሳይ ነገር ያበቀለ ደረቅ ድንጋይ ይጀምራል። ዛጎሉና ጥቁሩ ባሕሩ የሚደርስበት ነው፤ ብጫው ግን ከሙላቱ በላይ ነው። በጊዜው ይህን አላውቅም ነበር፤ ደረቅ ስለሆነ ብቻ እናቴን ደግፈን ብጫው ጀምሮ ወደሚታይበት ጠባብ እርከን ወጣን።

ስልኬ መስመር የለም ይላል። ባለቤቴም የእሱን አይቶ መልሶ ኪሱ ከተተው። «እማዬ፣ 999 በሌላ ኩባንያ መስመርም ይሠራል፤ ትምህርት ቤት ተነግሮናል» ያለችኝ ትልቋ ልጄ ናት። እውነቷን ነው፤ በብሪታንያ የአደጋ ጥሪ በአካባቢው በሚገኝ በየትኛውም መስመር ያልፋል፤ 112 ብትደውሉም ያው ነው። ደወልሁ፤ ተነሣ። የምትፈልጉት ፖሊስ ነው፣ አምቡላንስ ነው፣ እሳት አደጋ ነው ብለው ሲጠይቁ በባሕር ዳርቻ ላይ ከሆናችሁ መልሱ «ኮስትጋርድ»፣ ማለትም የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ነው። ይህን ቃል እንግሊዝኛ ለማይችሉት ወላጆቻችሁም ጭምር አስጠኗቸው።

ሰውየው የት እንዳለን ሲጠይቀኝ የባሕር ዳርቻውን ስም አላውቀውም ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደተከበባችሁ ንገሪኝ ሲለኝ፣ በድንጋጤ በእኛ አቆጣጠር «ከሰባት ተኩል ጀምሮ» አልሁት፤ እሱም ከጧት ጀምሮ ስድስት ሰዓት ሙሉ በብርድ የቆየን መስሎት «ከልጆቹ ራሱን የሳተ አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። በእርጋታ እየመራኝ ከመኪና ማቆሚያው ተነሥተን ወደየት እንደሄድን፣ ስንት ሰው እንደሆንን፣ ከፊታችንና ከጎናችን ምን እንደሚታይ አስነገረኝ። እናንተ ከመውረዳችሁ በፊት የባሕር ዳርቻው ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ሰዓት ስትናገሩም የፈረንጁን አቆጣጠር ተጠቀሙ። በተጨማሪም ከቤት ሳትወጡ «ሬጅስተር» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ወደ 999 በመላክና በሚመጣላችሁ መልስ መሠረት በማረጋገጥ ስልካችሁን ብታስመዘግቡ፣ ድምፅ በማይሰማበት ቦታ በጽሑፍ መልእክት እርዳታ መጥራት ትችላላችሁ።

ጀልባዋ እስክትመጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቀናል። እናቴ ዳዊቷን በቃሏ ትደግማለች፤ ልጆቹን በነጠላዋ አቅፋቸዋለች። ትንሹ የቆፈረው አራተኛው ጉድጓድ ሲጠፋ አየሁት። ከዚያ ብርቱካንማ የጎማ ጀልባ ከቋጥኙ ኋላ ብቅ አለች። ሦስት ሰዎች ነበሩባት። አንደኛው እስከ ደረቱ በውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ለእናቴና ለልጆቹ የነፍስ አድን ጃኬት አልብሶ፣ መጀመሪያ እነሱን፣ ቀጥሎ እኛን ወሰዱን። አንድም የቁጣ ቃል አልተናገሩም። በዚያ አገር የነፍስ አድን ጀልባዎቹን የሚያሰማራው አር ኤን ኤል አይ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1824 የተመሠረተ ነው። ከጀልበኞቹ አብዛኞቹ ጥሪ ሲመጣ ሥራቸውን ጥለው የሚሮጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ያዳኑትንም ሰው ሂሳብ አይጠይቁም። እናቴ የአንደኛውን ሁለት እጅ ይዛ በአማርኛ መረቀችው፤ ልተረጉምለት ስጀምር ልቅሶ ቀደመኝና አልቻልሁም። እሱ ግን አንገቱን ዝቅ አድርጎ እስክትጨርስ ጠበቃት።

እንደዚያ ዓይነት ወቅት የባሕሩ ሙቀት 10 ዲግሪ እንኳን አይሞላም። ባለቤቴ ወገቡ ድረስ ስለበሰበሰ ከጀልባው ከወረደ በኋላ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ቃል ማውጣት አቅቶት ነበር። የነገሩን እርጥቡን ልብስ አውልቆ ደረቅ እንዲለብስ፣ በብርድ ልብስ እንዲጠቀለልና ሙቅ ነገር ቀስ ብሎ እንዲጠጣ ነው፤ እጅ እግሩን ማሸትም ሆነ ወዲያውኑ በፈላ ውሃ ማጠብ እንደማይገባ አስጠነቀቁን። ሳይታሰብ ውሃ ውስጥ ለሚወድቅም ሰው አንድ ትምህርት ሰጡን፤ ለልጆቼ አስጠንቻቸዋለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ሲነካን ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ ያን ጊዜ ለመዋኘት መታገል ነው የሚገድለው። በጀርባችሁ ተንጋልላችሁ፣ ጆሯችሁ ውሃ ውስጥ እስኪገባ አንገታችሁን ወደኋላ ጥላችሁ፣ እጅና እግራችሁን ቀስ እያደረጋችሁ ተንሳፈፉ፤ ትንፋሻችሁ ሲመለስ እርዳታ ጥሩ።

ዓርብ ዕለት ወደ ባሕሩ መውረድ አልፈልግም ብዬ ነበር። አከራያችን መጥተው፣ ፈርተሽ እንዳትሄጂ ብለው፣ ባሕሩ ወደሚሸሽበት ሰዓት እኔንና እናቴን ይዘውን ወረዱ። የድንጋዩን ቀለም ያሳዩኝ ያን ጊዜ ነው። ስለ ጨረቃም አጫወቱን፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትወለድ ባሕሩ ይበልጥ ይሸሻል፤ ይበልጥም ይሞላል። በተለይ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ የሚመጣው ሙላት ከዓመቱ ሁሉ ትልቁ ነው። ስተረጉምላት እናቴ ቶሎ ገባት። ምዕራባውያን ፋሲካቸውን የሚያከብሩት ቀንና ሌሊት እኩል ከሆነ በኋላ ከሚመጣው ሙሉ ጨረቃ ቀጥሎ ባለው እሑድ ነው፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤተሰብ ሁሉ ወደ ባሕር የሚወርድበት የፋሲካ ሰሞን ብዙ ጊዜ ባሕሩ እጅግ ከሚበረታበት ሳምንት ጋር ይገጣጠማል። ለባሕረ ሐሳብ ባዳ ያልሆነችው እናቴ «ታዲያ ይህን ቀድሞ የሚነግረን ሰው ጠፋ?» አለች። እኔም ለዚህ ነው እዚህ የምነግራችሁ፤ በፋሲካ ዕረፍት የምትሄዱ ከሆነ ሌሊት ወጥታችሁ ጨረቃዋን እዩ፤ ልትሞላ ከተቃረበች ወይም ከሞላች ሁለት ሦስት ቀን ከሆናት ከቋጥኝ ወዲያ አትሻገሩ።

ሰንጠረዥ ስትመለከቱ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሰዓቱ የበጋው ይሁን የግሪንዊች ከግርጌው ወይም ከራስጌው አንብቡ። ሁለቱን ካልለያችሁ አትገምቱ፤ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። መጨመር ሲገባችሁ ብትረሱ ቶሎ ትመለሳላችሁ እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም፤ መጨመር ሳይገባችሁ ስትጨምሩ ግን ባሕሩ ይቀድማችኋል። የመመለሻ ሰዓታችሁን በስልካችሁ ደወል ሙሉት፤ ባሕሩ ጨርሶ ከሚሸሽበት ሰዓት በፊት ደርሳችሁ፣ መመለስ ሲጀምር እናንተም ተነሡ። ከተቻለም ነፍስ አድን ጠባቂዎች በሚቆሙበት ወቅትና ቦታ፣ በቀይና ብጫ ባንዲራዎቹ መካከል ብቻ ልጆቻችሁን አስገቡ፤ እኛ በሄድንበት ጊዜ ጠባቂ አልነበረም።

ቅዳሜ ጧት ቁልፉን ልናስረክብ ስንል አከራያችንን ፈቃድ ጠየቅኋቸውና ማግኔቱን ከሰንጠረዡ ግርጌ ወደ ላይኛው ጥግ አዛወርሁት። ከዚያም የትልቋን ልጄን ቀይ ብዕር ተቀብዬ፣ ከላይ በትልልቅ ፊደል በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩም በአማርኛ «ሰዓቱ ተስተካክሏል፤ ምንም አትጨምሩ» ብዬ ጻፍሁበት።